ምራቂው ያልተጻፈበት ትዕዛዝ

ሥራ የጀመርሁ ቀን ሱቁን ፈልጌ አጣሁት። ሐዋ በስልክ ከመናኸሪያው በላይ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ብላኝ ነበር። በሩን አገኘሁት። ከፍቼ ስገባ መደርደሪያ የለ፣ ገዢ የለ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሚዛን፣ ጥግ ላይ የተከመረ የበሶና የሽሮ ከረጢት ብቻ። ሱቁ የታለ አልኋት። ኮምፒውተሩን በአገጯ አሳየችኝ። የምትቀልድብኝ መስሎኝ ተቆጣሁ።

ሐዋ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ወደ ከተማችን ወደ መካነ ሰላም የተመለሰች ሴት ናት። እዚያ ሳለች ሰው የሚቸገርበትን አይታለች። የአገሩን ሽሮ፣ የአገሩን ቅቤ፣ የአገሩን በሶ ነው የሚያጣው። ስትመለስ ያመጣችውን ብር እንደሌላው ቤት ሠርታ አላከራየችበትም፤ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ ከፈተችበት። ዓረብ አገር ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም በስልኩ ያዝዛል፤ እሷ አሽጋ ትልካለች። ሚዛን የሚያውቅ ሰው ብላ ስትጠይቅ ወደኔ ጠቆሟት።

ሚዛን አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እህል መጋዘን ሠርቻለሁ፤ ስድስቱን በጫኝና አውራጅነት፣ የቀረውን በመዛኝነት። መጋዘን ውስጥ ከላይ ነጋዴው ነው፣ ከሱ ሥር ጸሐፊው፣ ከጸሐፊው ሥር መዛኙ፣ ከሁሉም ሥር ተሸካሚው። ኬሻው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ እኔ ኪሎውን እጮኻለሁ፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ አላውቅም፤ ማንበብ አልችልም ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። አስተማሪዋ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። እጄን ይዛ ስታስጽፈኝ የተሰማኝን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እንደ ምንም ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ ያየሁት የጸሐፊውን መዝገብ ነው። እኔ ዘጠና ስድስት ያልሁትን ኬሻ ዘጠና አንድ ብሎታል። ከሱ በላይ ያለውም እንደዚያው፣ ከሱ በታች ያለውም እንደዚያው። ገበሬው አምኖ የሄደው የኔን ድምፅ ነው። ነጋዴውን ብጠይቀው፣ አንተ መጮህህን ጩህ አለኝ። በነጋታው አልተመለስሁም። ሰዎች ማንበብ ያስደስታል ይላሉ። እኔን ያናደደኝ ይበዛል።

ወደ ሥራው ልመለስ። ሐዋ ኮምፒውተሩን ያስተማረችኝ በሁለት ሳምንት ነው። «አያ ይመር፣ አይፍሩት፣ አይነክስም» ትለኛለች። የሚነክሰውስ ከጀርባው ያለው ሰው ነው አልኋት። ሳቀች። እኔ ቁም ነገሬን ነበር።

ትዕዛዝ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ደንበኛው ራሱ በስልኩ ገብቶ የሚያዝዘው ነው። ግማሽ ኪሎ ወይ አንድ ኪሎ ብሎ ይመርጣል፣ ማሽኑ አባዝቶ ዋጋውን ይነግረዋል፣ እኛ ማሸግ ብቻ ነው። ሁለተኛው እኛ በእጃችን የምናስገባው ነው። እኛ አገር ይህ ይበልጣል። እናትየው ትደውላለች፤ ጤና ትጠይቃለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች፣ የሐዋን እናት ደህንነት ትጠይቃለች፣ በመጨረሻ ቅቤ አላችሁ ወይ ትላለች። ያን ሁሉ ሰምተን ትዕዛዙን የምንጽፈው እኛ ነን።

ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቅቤ ልክ አንድ ኪሎ ሆኖ አይመጣም። ገበያ የምታወጣው ሴት እንዳላት ታወጣዋለች፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎ ከሦስት መቶ አርባ ግራም ይሆናል። ማሽኑ ደግሞ በእጅ ትዕዛዝ ላይ «ብዛት» የሚል ሳጥን አለው፤ ሙሉ ቁጥር እንጂ ሽርፍራፊ አይቀበልም። አንድ ቅቤ፣ ሁለት ቅቤ። ቅቤ እንቁላል ነው እንዴ?

መጀመሪያ ዋጋውን በስልኬ አስልቼ፣ ማሽኑ ያወጣውን አጥፍቼ የኔን እጽፍ ነበር። በቀን ሦስትና አራት ትዕዛዝ ሲሆን ይቻላል። በዓል ሲደርስ አልተቻለም። አንዷን በሌላዋ ዋጋ አስገባሁ፣ አንዷን ጭራሽ በነጻ ላክሁ። ሐዋ አስባ አስባ መላ አመጣች፤ የሚሸጠውን ነገር ሁሉ በኪሎ መሆኑን ትተን በግራም እናድርገው። የአንድ ግራም ዋጋ እንጽፋለን፤ ብዛት ላይ የግራሙን ቁጥር። ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብዬ ስጽፍ ማሽኑ ዋጋውን ራሱ ያወጣዋል። ጥሩ መላ ነው፤ ዛሬም በሱ ነው የምንሠራው።

ግን ነግራኝ ያልሰማሁት ነገር ነበር። ለያንዳንዱ ዕቃ ከዋጋው ሌላ የክብደት ሳጥን አለ። የመላኪያው ሒሳብ የሚወጣው ከዚያ ነው። እኔ የቅቤውን ዋጋ ወደ ግራም ቀየርሁ፤ ክብደቱን ግን ዱሮ እንደነበረው አንድ ኪሎ ብሎ ተውሁት። ደሴ ላለ አንድ መምህር ሺህ ሦስት መቶ አርባ ግራም ቅቤ ብዬ ስጽፍ፣ ማሽኑ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ኪሎ አድርጎ ቆጥሮ የመላኪያውን ዋጋ በመልእክት ላከለት። ሰውየው ደወለ። «ጋሼ፣ እኔ ለአንድ ዶሮ ወጥ ነው ያዘዝሁት፤ እናንተ የወረዳችሁን የቦረናን ላም በሙሉ አልባችሁ ነው እንዴ የጫናችሁልኝ?» ሐዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጽሑፍ ባወቅሁ ማግስት በጽሑፍ መሳቂያ መሆን ምኑም አያስቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ዕቃ ሳስገባ ሁለቱን ሳጥን ጎን ለጎን ሳላይ እጄን አላነሣም።

አሁን ወደ ምራቂ ልምጣ። ልኩ ሲሞላ እጁን የሚሰበስብ መዛኝ በኛ አገር ሰው አይባልም። አንድ ኪሎ ከሞላ በኋላ አንድ እፍኝ ትጨምራለህ፤ ገዢው መርቅልኝ ሳይልህ። ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ይህን ከልክሎኝ ስለኖረ፣ ሐዋ ቤት ስገባ እጄ ተፈታ። እሷም አልከለከለችኝ፤ የሱቁ ስም ይጠራበታል አለች። አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ። ካርቶኑን ካሸግሁ በኋላ ጠቅላላውን ሚዛን ላይ አውጥቼ፣ ማሽኑ ከጻፈው ጋር እንዳስተያይ።

ሁለት ሳምንት አስተያየሁ። ሁልጊዜ ትንሽ ይበልጣል፤ ምራቂው ነዋ። በመኪና የሚሄደው ዕቃ ደግሞ ቢበልጥ የሚናገር የለም። ረዳቱ ካርቶን አይመዝንም፤ አንሥቶ ይወረውራል። ስለዚህ ተውሁት። ዕድሜዬን ሚዛን ላይ የጨረስሁ ሰው ሁለቴ አልመዝንም አልሁ በሆዴ።

እትዬ ከድጃ የመጡት ከወግዲ በኩል ነው፣ በጠዋቱ መኪና። በዕድሜ ይበልጡኛል። ልጃቸው ሰዓዳ ዓረብ አገር አግብታ እዚያው የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። እሳቸው መሄድ አይችሉም፤ ፓስፖርት የለ፣ ቪዛ የለ፣ ማን ሊጋብዛቸው። ራህመት የምትባል የዚህ ከተማ ልጅ ለዕረፍት መጥታ ወደዚያው ልትመለስ ነበር። ከሻንጣዋ የተረፈላት አሥራ ሁለት ኪሎ ነው። ራህመት ለሐዋ ደውላ፣ ከአሥራ ሁለት አንድ ግራም እንዳታሳልፉብኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አይለቁኝም ብላታለች። ሐዋ ለኔ ነገረችኝ። ሰምቻለሁ።

እትዬ ከድጃ ከሚዛኑ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አምስት ኪሎ የገንፎ ዱቄት፣ ሦስት ኪሎ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ ግማሽ ኪሎ አብሽ፣ አንድ ኪሎ ቅቤ። ለማሸጊያው ግማሽ ኪሎ ያዝሁ። ማሽኑ ደምሮ አሥራ ሁለት ኪሎ አለ፤ ሳይጎድል ሳይተርፍ፣ ድርቅ ብሎ።

«ይመር፣ ቅቤውን አደራ» አሉኝ። «ቅቤ የሌለው ገንፎ ለግድግዳ ምርጊት እንጂ ለአራስ አይሆንም።»

አይቀርም፣ ከላይ ነው የማደርገው አልኋቸው። ለሌላው ሰው ያ ካርቶን ዕቃ ነበር። ለሳቸው አራስ ልጃቸውን በእጃቸው ማብላት ነበር። ሌላ የሚያበሉበት መንገድ አልነበራቸውም።

መዘንሁ። በየመሀሉ መረቅሁ። ዱቄቱንም፣ በሶውንም፣ ሽሮውንም፣ አብሹንም፣ ቅቤውንም። እትዬ ከድጃ በያንዳንዱ እፍኝ አላህ ይጨምርልህ እያሉ መረቁኝ። ቅቤው በጣሳ ነበር፤ ሌላው እንዳይጫነው ከላይ አስቀመጥሁት። አሸግሁ። ማሽኑ ያተመውን አሥራ ሁለት ኪሎ የሚል ወረቀት ለጠፍሁበት። ጠቅላላውን ሚዛን ላይ አላወጣሁትም።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ከድጃ ተመልሰው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ሰላም አላሉም። የኛን አገር ሰው የሚያውቅ ሰላምታ ያስቀረ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

«ይመር፣ ቅቤውን የት አደረስኸው?»

ዕቃው ደርሷል። ዱቄቱ፣ በሶው፣ ሽሮው፣ አብሹ። ወረቀቱ ላይ ቅቤ አንድ ሺህ ግራም ይላል፤ ካርቶኑ ውስጥ ቅቤ የለም። ራህመት ለሰዓዳ እንደሰጡኝ ነው ያመጣሁት ብላታለች። ቅቤውን ከላይ ሳስቀምጥ እርስዎም አይተዋል አልኋቸው።

«አይቻለሁ። ዘወር ካልሁ ወዲያ ያለውን ግን አላየሁም።»

ሐዋ ብሩን እመልስልዎታለሁ አለች። ሴትዮዋ እጃቸውን አወናጨፉ። ብር መቼ ጠየቅሁሽ፣ ልጄ አራስ ናት አሏት። ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ።

ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ከተማው ውስጥ ገባ። መዛኝ ሌላ ንብረት የለውም። ይመር መዝኖታል ከተባለ ያ ነገር ተመዝኗል፤ ይመር ይሰርቃል ከተባለም አለቀ። የምታውቀኝ ሻጭ ቅቤዋን ይዛ መጥታ፣ ሐዋ ራሷ ካልመዘነችልኝ አለች። በዚያው ቀን ሐዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምናልባት ረስቼው ቤት ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ብላ ጠየቀችኝ። የቁጣ ጥያቄ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ከጠረጠርሽኝ በሩ ያው» አልኋት።

«አያ ይመር፣ መጠየቅ መጠርጠር ነው እንዴ?»

ነው አልኋት። እኔ ጥግ ሄጄ ከረጢቶቹን እንደገና ደረደርሁ፤ ተደርድረው ነበር።

ሐዋ ለራህመት የድምፅ መልእክት ትልክላት ነበር፤ በልመና፣ በቁጣ፣ እንደገና በልመና። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አሰማችኝ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው። ሻንጣዋ ሃያ ሦስት ኪሎ መሆን ሲገባው ሃያ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ አለ። ለትርፉ የምትከፍለው በእጇ የለም። ከኋላዋ ሰልፉ ይጮኻል። ሻንጣውንም ካርቶኑንም ከፈተች፤ ከላይ ያለው ቅቤው ነው። አወጣችው፣ ልክ ሆነ። እዚያ ለምታጸዳ ሴት ሰጥታው ገባች። ለሰዓዳ ለመንገር አፈረች። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብላ ጨረሰች።

«አልሃምዱሊላህ፣ ነጻ ወጡ» አለችኝ ሐዋ። ፊቷ በራ።

እኔ ደስ አላለኝም። ዘጠኝ መቶ ግራም ከየት መጣ? የራህመት የራሷ ዕቃ ቤቷ ተመዝኗል፤ ሐዋ በዓይኗ አይታለች። ሚዛኑን አበራሁ። አምስት ኪሎ ዱቄት መዘንሁ፣ ከዚያ ሳላስብ እንደ ልማዴ መረቅሁ። ሦስት መቶ ግራም ጨመረ። በሶው ላይ ሁለት መቶ። ሽሮው ላይ ሁለት መቶ። አብሹ ላይ መቶ። ቅቤው ላይ መቶ ሃምሳ። ደመርሁት። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ግራም ሆነ። ሁለት ጊዜ ደመርሁት።

ሐዋ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። «ይተዉት፤ ራህመት ራሷ አውጥቼዋለሁ ብላለች። ከዚህ ወዲያ ማን ይጠይቅዎታል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ከተማው ራህመትን ያማል፣ እኔ እድናለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብዬ አየሁት። ልጅቷን ሰው በክፉ ሲያነሣት እየሰማሁ ምሳ በላሁ።

በማግስቱ ወደ ወግዲ ተሳፈርሁ። እትዬ ከድጃ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ራህመት ያለችውን ሰምተዋል። ተነሥተው አፉ በለኝ ይመር፣ በከንቱ ጠረጠርሁህ አሉኝ። ይቀመጡ አልኋቸው። ስለ ማሽኑ፣ ስለ አሥራ ሁለት ኪሎው፣ ስለ እፍኙ፣ ሳልመዝን ስለለጠፍሁት ወረቀት ነገርኋቸው። ቅቤውን ያስወጣው የኔ ምራቂ ነው አልሁ።

ምስሩን ሰፌዱ ላይ በተኑት።

«እንግዲያ አልሰረቅህም። ጨምረህ ነው።»

«አዎ።»

«ለኔ አዝነህ።»

«ለርስዎ አዝኜ ነው ብል ውሸት ነው። እጄ ለምዶ ነው።»

«ልጄ ገንፎውን በዘይት በላች፣ ይመር። በጠርሙስ ዘይት።»

ተቀምጬ ምስር አብሬ ለቀምሁ። ሲቆይ፣ ሌላ ሰው ከወር በኋላ ይሄዳል፣ የሚተርፈው ስድስት ኪሎ ነው፣ ትመዝንልኛለህ ወይ አሉኝ። እመዝናለሁ አልሁ። ደግሜ ግን አልመርቅም፤ ድርቅ አድርጌ ነው የምመዝነው አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ለአራስ ድርቅ ያለ ሚዛን ይላካል? መርቅ። ማን አትመርቅ አለህ? ልክህን ግን እወቅ።»

መካነ ሰላም ተመልሼ ለሐዋ ነገርኋት። ተቀምጠን ማሽኑ ውስጥ አዲስ ዕቃ ፈጠርን። ስሙ ምራቂ። ዋጋው ዜሮ። ክብደቱ አንድ ግራም። የመረቅሁትን ያህል ብዛቱ ላይ እጽፋለሁ፤ ሒሳቡ አይነካም፣ ኪሎው ግን ይደመራል። ሐዋ ማሽኑ ዋጋ የሌለው ዕቃ አይቀበል ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። ተቀበለው።

የእትዬ ከድጃን ሁለተኛ ትዕዛዝ እሳቸው ባሉበት መዘንሁ። መጀመሪያ ቅቤውን። ቀጥሎ የቅቤውን ምራቂ፣ ሦስት መቶ ግራም ብዬ ጽፌ። በመጨረሻ ዱቄቱን፣ ቦታ የተረፈለትን ያህል። አሽጌ ሚዛን ላይ አወጣሁት። ስድስት ኪሎ አለ። ማሽኑም ስድስት ብሏል። እትዬ ከድጃ ቁጥር አያነቡም፤ ሁለቱን አስተያይተው፣ መልካቸው አንድ ነው አሉ። አንድ ነው አልኋቸው።

ቅቤው ደረሰ። የሰዓዳ የአራስነት አርባ ቀን ግን አልፎ ነበር።

ትዕዛዝ በእጅ ለምታስገቡ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ምራቂ ስጡ፤ ግራሙን ጻፉ። ካሸጋችሁ በኋላ ጠቅላላውን መዝኑ። ምራቂ ዋጋው ዜሮ ነው፤ ክብደቱ ዜሮ አይደለም።